ጓንዡ ከልጆች ጋር፦ የትኛው ሰፈር፣ ምን ዓይነት ክፍል?

ለዕቃ ግዢ ወደ ቻይናዋ የንግድ ከተማ ጓንዡ የሚመላለስ ነጋዴ ማረፊያውን የሚመርጠው ለገበያው ባለው ቅርበት ነው። ልጆች አብረው ሲሄዱ ግን ይህ መመዘኛ አይበቃም። ወላጅ በየገበያው ሲዞር በማረፊያው አካባቢ የሚውሉት እነሱ ስለሆኑ ሰፈሩም ክፍሉም ለእነሱ ተብሎ መመረጥ አለበት። በዚያ ላይ የእኛ ትምህርት ቤቶች የሚዘጉባቸው ሐምሌና ነሐሴ በጓንዡ ሙቀቱ የሚበረታባቸው፣ ዝናቡ ድንገት የሚወርድባቸውና አውሎ ነፋስ የሚመጣባቸው ወራት ናቸው። ሕፃን በጋሪ እየገፉ ከባቡር ጣቢያ እስከ ሆቴል ሩብ ሰዓት መሄድ በዚያ ወበቅ ቀላል አይደለም።

ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ሺያዎቤይን ነው። በዩዌሺዩ ወረዳ የሚገኘው ይህ ሰፈር የአፍሪካ ነጋዴዎች መሰብሰቢያ ሆኖ ቆይቷል። የሐላል ምግብ ቤቱም፣ ዕቃ የሚልከው ድርጅትም በእግር ይገኛል፤ የክፍል ዋጋውም ሻል ይላል። ነገር ግን ሰፈሩ የሥራ ሰፈር ነው። በእግረኛው መንገድ ላይ ካርቶን የተቆለለባቸው የእጅ ጋሪዎች ይተላለፋሉ፤ ማታም የማሸጊያ ፕላስተር ሲጎተትና ሲቀደድ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ክፍል ይዘልቃል። ርካሾቹ ሆቴሎች ጠባብ ናቸው፣ በኮሪደራቸውም የሲጋራ ሽታ አይጠፋም። ዩዌሺዩ ፓርክ፣ ከነታዋቂው የአምስት በጎች ሐውልት፣ ቅርብ መሆኑ ጥሩ ነው። ለትልልቅ ልጆችና ለተመጠነ በጀት ሰፈሩን አልቃወምም፤ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን አልመርጠውም።

እኔ የማደላው በቲያንሄ ወረዳ ላለው ዡጂያንግ ኒው ታውን ነው። መኪና የማይገባበት ሰፊው ህዋቸንግ አደባባይ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች መካከል ተነሥቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ 600 ሜትር የሚረዝመው የካንቶን ታወር ይታያል። ልጅ እጁን ሳይያዝ የሚሮጥበት ቦታ በትልቅ ከተማ መሃል ማግኘት ቀላል አይደለም። ዝናብ ሲመጣ የጓንግዶንግ ሙዚየምና የከተማው ቤተ መጻሕፍት እዚያው ናቸው። የሕፃናትና የእናቶች ትልቅ ሆስፒታልም በዚሁ ሰፈር ቅርንጫፍ አለው፤ ሌሊት ትኩሳት ለያዘው ልጅ ወላጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የምድር ውስጥ ባቡሩ 3ኛና 5ኛ መስመሮችም እዚህ ይገናኛሉ፤ በ5ኛው መስመር ወደ ሺያዎቤይ ያለ ቅያሪ ይደረሳል። ስለዚህ ነጋዴው ወላጅ ከገበያው አልራቀም።

በዚህ ሰፈር ከሆቴል ይልቅ ኩሽናና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ያለው አፓርታማ ያዋጣል። ልጅ የለመደውን ገንፎ ወይም ፓስታ ቀቅሎ ማብላት ይቻላል፣ ልብሱም እዚያው ይታጠባል። አንድ ነገር ግን ሳይጣራ ገንዘብ አይከፈል። በቻይና ሕግ የውጭ ዜጋ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ ማረፊያውን ለፖሊስ ማስመዝገብ አለበት። ሆቴል ሲሆን እንግዳ ተቀባዩ ፓስፖርት ተቀብሎ ያስመዘግባል፤ የግለሰብ ቤት ሲሆን ግን ኃላፊነቱ የእንግዳውና የባለቤቱ ነው። በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ አፓርታማዎች በተለያዩ ሰዎች ስለሚከራዩ «ምዝገባውን የሚያካሂደው ማን ነው? ለልጆቹስ ጭምር?» ብሎ በጽሑፍ መልስ ማግኘት ያስፈልጋል። መልሱ ከተድበሰበሰ ሆቴል ይሻላል።

የሻሚያን ደሴት ጸጥታ ለሚፈልግ፣ በተለይም ሕፃን ላቀፈ ቤተሰብ ነው። ትልልቅ ዛፎች ያጠሉበት፣ መኪና የማይበዛበት፣ የድሮ አውሮፓውያን ሕንፃዎች የቆሙበት ቦታ ነው። በፈረንጆች 1983 የተከፈተው ዋይት ስዋን ሆቴል ከወንዙ ዳር አለ። የአሜሪካ ቆንስላ በዚህ ደሴት ላይ በነበረበት ዘመን ከቻይና ሕፃናትን በጉዲፈቻ የወሰዱ ቤተሰቦች የሚያርፉት በዚያ ነበር። ከትልቁ ሆቴል ውጪ በአሮጌዎቹ ሕንፃዎች ያሉ ትናንሽ ማረፊያዎች ሊፍት እንዳላቸው መጠየቅ ተገቢ ነው።

በፓንዩ ወረዳ ያለው የቺምሎንግ ሆቴል ልጆች ሲያዩት የሚፈነጥዙበት ነው። ከምግብ አዳራሹ በመስታወት በኩል ነጫጭ ነብሮች ይታያሉ፤ አጠገቡ ባለው የሳፋሪ ፓርክ በፈረንጆች 2014 የተወለዱት ሦስቱ የፓንዳ መንትዮች ይኖራሉ። ዋጋው ግን ውድ ነው፣ ከመሃል ከተማም ይርቃል። ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት እንጂ ለሳምንት አልመክረውም። ፓርኩን ብቻ ማየት የፈለገ ከዡጂያንግ ኒው ታውን በ3ኛው መስመር ያለ ቅያሪ ሃንሺ ቻንግሎንግ ጣቢያ ደርሶ መመለስ ይችላል። ይህ መስመር በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ሰው የሚተፋፈግበት ስለሆነ ጋሪ ይዞ በዚያ ሰዓት አለመግባት ይበጃል።

ሰፈሩ ከተወሰነ በኋላ የክፍሉ ዝርዝር ይመጣል። በመጀመሪያ መስኮት አለው ወይ ብሎ መጠየቅ ነው፤ በቻይና ከተሞች መስኮት የሌለው ክፍል በቅናሽ ይሸጣል፣ ፎቶውም መጋረጃ ስለሚያሳይ ያሳስታል። ቀጥሎ የአልጋው ስፋት ነው። ባለሁለት አልጋ ክፍል ሲባል አንዱ አልጋ 1.2 ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እናትና ልጅ አብረው የሚተኙበት ከሆነ 1.5 ሜትር ወይም ከዚያ በላይ መፈለግ ያሻል። የልጆች ቁርስ በብዙ ቦታ የሚከፈለው በዕድሜ ሳይሆን በቁመት ነው፤ የተለመደው ድንበር 1.2 ሜትር ነው።

የተለየ መኝታ ያለው ክፍልም ከሚመስለው በላይ ይጠቅማል። ጓንዡ ከአዲስ አበባ በአምስት ሰዓት ትቀድማለች። በአገሩ ከምሽቱ 3 ሰዓት መተኛት የለመደ ልጅ እዚያ እንቅልፍ የሚመጣለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንዲህ ሲያልፉ፣ ጠዋት ገበያ የሚወጣው ወላጅ በሩን ዘግቶ የሚተኛበት ቦታ ያስፈልገዋል።

የጉዞው ቀን በእጅ ከሆነ ደግሞ በከተማው በዓመት ሁለት ጊዜ የሚዘጋጀው ትልቁ የካንቶን የንግድ ትርዒት የሚካሄድባቸውን ሳምንታት መሸሽ ነው። የፀደዩ ትርዒት በፈረንጆች አቆጣጠር ከኤፕሪል 15 እስከ ሜይ መጀመሪያ፣ የመጸዉ ደግሞ ከኦክቶበር 15 እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ይቆያል። በእነዚያ ጊዜያት የክፍል ዋጋ በከተማው ሁሉ ይንራል፣ የቤተሰብ ክፍሎችም አስቀድመው ያልቃሉ። ለትርዒቱ መሄድ ግዴታ የሆነበት ቤተሰብ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ የሚችል ክፍል ቀደም ብሎ ይያዝ።