ክሪታ ከወራት በኋላ፦ ለሕክምና ሥዕል ምን ያህል ይሆናል?

ክሪታ በተባለው የሥዕል ሶፍትዌር ለጤና ብሮሹሮች መሳል ከጀመርኩ ወራት አልፈዋል። ሀዋሳ ላለ ሰው ይመቻል። ነፃ ነው፤ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። በየ5 ደቂቃው በራሱ ሴቭ እንዲያደርግ ስላስተካከልኩት፣ መብራት ድንገት ቢጠፋም ብዙ አላጣም።

የሕክምና ሥዕል ከባዱ ነገር ምን እንደሚተው መወሰን ነው። በቅርቡ ስለ ኩላሊት ጠጠር የሚያስረዳ ሥዕል ሠርቻለሁ። ጠጠር ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወርደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚቀረቀረው 3 ቦታ ላይ ነው፦ ቱቦው ከኩላሊት ሲነሳ፣ ዳሌ አካባቢ ትልልቆቹን የደም ሥሮች ሲሻገር፣ ፊኛው ውስጥ ሲገባ። ታካሚው ማየት ያለበት እነዚህን ነው። አንጀቱንም አከርካሪውንም እኩል አድምቄ ብስል ጠጠሩ ይጠፋበታል። ስለዚህ እያንዳንዱን አካል ለየብቻ ሌየር ላይ (እንደ ብርሃን አሳላፊ ወረቀት አንዱ በአንዱ ላይ የሚደረብ ንብርብር) እሠራለሁ። ከዚያ አንጀቱን አነሳለሁ፣ አከርካሪውን አደበዝዛለሁ፣ ቱቦውን አጎላለሁ። የማማክራት ሐኪም «የቀኙን ኩላሊት ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ ከላዩ ጉበት አለ» ስትለኝ፣ ሌላውን ሳልነካ እሱን ብቻ አወርዳለሁ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ፊልተር ሌየር ነው። ብሮሹር ብዙ ጊዜ የሚባዛው በጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ነው። ደም ቅዳው ቀይ፣ ደም መልሱ ሰማያዊ ሆኖ ያማረ ሥዕል ከፎቶ ኮፒ ቤት ሲወጣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ቁጭ ይላሉ። አሁን ከሌየሮቹ ሁሉ በላይ ቀለም የሚያጠፋ ፊልተር አስቀምጣለሁ። እየሳልኩ አበራዋለሁ፣ አጠፋዋለሁ። በግራጫ ካልተለያዩ አንዱን አጠቁራለሁ ወይም መስመሩን አወፍራለሁ። ይቺ ነገር አሳሳሌን ሙሉ በሙሉ ቀይራዋለች።

ስያሜዎቹን የምጽፈው ኢንክስኬፕ በተባለ ሌላ የሥዕል ሶፍትዌር ላይ ነው፤ ፊደሉ ቢተልቅም ቢያንስም ጥራቱን አይለቅም። አማርኛውና ሲዳሙ አፎው (የሲዳማ ቋንቋ) የየራሳቸው ሌየር አላቸው፣ ሥዕሉ ያው አንድ ነው። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ቃላቱ ይረዝማሉ። ገና ከንድፉ ሰፋ ያለ ቦታ ተዉለት።

ኤፎር ወረቀት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ከፍታችሁ ሌየር ስትደራርቡ፣ 4 ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፕ ይንቀራፈፋል። ከ8 ጊጋ ጀምሮ ደህና ነው። በማውስ ግን አትሞክሩት። ስክሪን የሌለው ርካሽ የስዕል ታብሌትም ቢሆን፣ ብዕሩን ጫን ላላ ስታደርጉ መስመሩ አብሮ ይወፍራል ይቀጥናል። ለደም ሥር ይሄ የግድ ነው።