«ሙዚቃ ጫኑ፣ ዶላር ሰብስቡ» የሚለውን ፓኬጅ እንዳትገዙ

ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በዝቷል። ኪቦርድ መቻል አያስፈልግም ይላል። ላፕቶፕ ከሌላችሁ ስልክም ይበቃል። ለቪዲዮ ማጀቢያ የሚሆን ሙዚቃ ውጭ አገር ባሉ ድረ ገጾች ላይ ትጭናላችሁ፣ ከዚያ ተኝታችሁም ዶላር ይገባል። የሚጠየቀው የስልጠና ክፍያ፣ የ«ዝግጁ ሙዚቃ» ፎልደር ዋጋ እና የአካውንት ማስከፈቻ ነው። ሁሉም በቴሌብር፣ ሁሉም ዛሬውኑ። «ቦታው እያለቀ ነው» ይሏችኋል።

እኔ የምተዳደረው በሙዚቃ ቅንብር ነው። የማስታወቂያ፣ የዶክመንተሪና የሰርግ ቪዲዮ ማጀቢያ እሠራለሁ፤ ኢንተርኔት ላይም እሸጣለሁ። ስለዚህ ልጆች ከመክፈላቸው በፊትም ከከፈሉ በኋላም ይደውሉልኛል። አንድ ወጣት ከእነዚህ ሻጮች የአንዱን ውልና ፎልደር ይዞልኝ መጥቶ አብረን ቁጭ ብለን አይተነዋል። የሻጩን ስም አልጠራም። ቻናሉን በየጊዜው ስለሚቀያይር ስሙ አይጠቅማችሁም። የሚሸጠውን ነገር ብታውቁት ግን ስሙን መቶ ጊዜ ቢቀይርም አትሸወዱም።

ሥራው ራሱ ውሸት አይደለም። ዩቲዩበሩ፣ የማስታወቂያ ድርጅቱ፣ የፊልም ተማሪው፣ ሁሉም ማጀቢያ ይፈልጋሉ። የታወቀ ዘፈን ለመጠቀም ፈቃዱ ውድ ነው፣ ሂደቱም ያደክማል። ስለዚህ ሮያሊቲ ፍሪ የሚባለውን ሙዚቃ ይገዛሉ። ገዢው አንዴ ይከፍላል፤ ቪዲዮውን ሺህ ሰው አየው ሚሊዮን፣ በየእይታው አይጠየቅም። ኦዲዮጃንግልና ፖንድ5 የመሳሰሉ ገበያዎች በዚህ መንገድ ከአሥር ዓመት በላይ ሙዚቃ ሲሸጡ ኖረዋል። ኑሯቸውን በዚህ የመሠረቱ አቀናባሪዎችም አሉ። ማስታወቂያው ሰው የሚያሳምነው ይህ እውነት ውስጡ ስላለ ነው።

ያልተነገራችሁ ገበያው ምን ያህል እንደተለወጠ ነው። ድሮ ገዢው አንድ ትራክ መርጦ ለብቻው ይከፍልበት ነበር። ኤንቫቶ ኤለመንትስና አርትሊስት የተባሉት ድረ ገጾች እ.ኤ.አ. በ2016 ከመጡ ወዲህ ግን ብዙ ገዢ ወርሃዊ ወይም ዓመታዊ ክፍያ ከፍሎ የፈለገውን ያህል ያወርዳል። አቀናባሪው የሚያገኘው ከዚያ ከተጠራቀመ ገንዘብ የሚደርሰውን ሽራፊ ነው። መቀመጫውን ስቶክሆልም ያደረገው ኤፒደሚክ ሳውንድ ደግሞ ትራኩን ከአቀናባሪው ከነመብቱ ይገዛዋል። ሹተርስቶክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ፕሪሚየምቢት የተባለውን የሙዚቃ ገበያ፣ በ2022 ፖንድ5ን፣ በ2024 ደግሞ የኦዲዮጃንግልና የኤንቫቶ ኤለመንትስ ባለቤት የሆነውን ኤንቫቶን ጠቅልሎ ገዝቷል። ይሄ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። የአንዱ ድርሻ ቢቀንስ ወደ ሌላው እሄዳለሁ ማለት ከባድ ሆኗል፤ ባለቤቱ አንድ ነውና።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ትራክ በ20 ዶላር ተሸጠ እንበል። ድርሻችሁ 40 በመቶ ቢሆን 8 ዶላር ትወስዳላችሁ። ገንዘቡ ከአሜሪካ የመነጨ ሮያሊቲ (የፈጠራ ሥራን ለመጠቀም የሚከፈል ገንዘብ) ተብሎ ከተቆጠረ 30 በመቶ ግብር ከላዩ ይቆረጣል። አንዳንድ አገሮች ይህን የሚያስቀንስ የገቢ ግብር ስምምነት ከአሜሪካ ጋር አላቸው፤ ኢትዮጵያ የላትም። እጃችሁ የሚገባው 5 ዶላር ከ60 ሳንቲም ነው። የማስተላለፊያና የባንክ ወጪ ገና አልተነሣም። ደግሞም ይሄ ትራኩ ሲሸጥ ነው። አዲስ አካውንት ላይ የተጫነ ትራክ አንድም ገዢ ሳያገኝ ወራት ሊያልፍ ይችላል። ለስልጠና የከፈላችሁትን ገንዘብ ለመመለስ ብቻ ስንት ሽያጭ እንደሚያስፈልጋችሁ ራሳችሁ አስሉት።

አሁን ወደ ፎልደሩ ልምጣ። ትልቁ አደጋ ያለው እዚያ ነው።

«ዝግጁ ሙዚቃ፣ ስማችሁን ቀይራችሁ ብቻ ጫኑ» ተብሎ የሚሸጠው ፎልደር ውስጥ ያገኘሁት ሦስት ዓይነት ነገር ነው። የመጀመሪያው ከሉፕ መሸጫዎች የወረደ ሉፕ፣ ማለትም እየተደጋገመ እንዲሄድ ተቀርጾ የተዘጋጀ አጭር ድምፅ ነው። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ፒያኖው እንዳለ ተደራርቦ ትራክ ተብሏል። የሉፕ ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ በራሳችሁ ቅንብር ውስጥ እንድትጠቀሙበት እንጂ ሉፑን እንዳለ መልሳችሁ እንድትሸጡት አይፈቅድም። አንዳንዱ የሳምፕል (ተቀርጾ የተዘጋጀ ቁራጭ ድምፅ) ላይብረሪ ለማጀቢያ ገበያ ለሚሠራ ሙዚቃ ጭራሽ የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ሁለተኛው በኤአይ የተሠራ ነው። ሙዚቃ የሚሠራውን የኤአይ መተግበሪያ ሱኖን ብንወስድ፣ በነፃው አካውንት የተሠራ ሙዚቃ ለንግድ አይፈቀድም። ትላልቆቹ የአሜሪካ ሙዚቃ ኩባንያዎች ሱኖንና መሰሉን ዩዲዮን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ፍርድ ቤት አቁመዋቸዋል። የአሜሪካ የኮፒራይት ቢሮ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በማሽን የተሠራ ነገር የቅጂ መብት እንደማያገኝ ግልጽ አድርጓል። የእናንተ ያልሆነን ነገር ፈቃድ እንዴት ትሸጣላችሁ?

ሦስተኛውን ስሰማ በጣም ነው ያዘንኩት። «ኢትዮ ጃዝ ፓክ» ይለዋል። ከድሮ ሸክላዎች ተቆርጦ የወጣ የሳክስፎንና የኦርጋን ድምፅ ነው፤ የሸክላው መንሿሿት እንኳን አልጠፋም። በ1960ዎቹ እነዚያን ሙዚቃዎች የተጫወቱ ሰዎች ብዙዎቹ ከሥራቸው የሚገባቸውን ሳያገኙ ነው ያለፉት። ዛሬ ደግሞ ድምፃቸው ተቆራርጦ ለማያውቁት ልጅ በቴሌብር ይሸጣል። በእኛ አገር ሕግ የቅጂ መብት ደራሲው በሕይወት እያለ፣ ካረፈም በኋላ 50 ዓመት ይጸናል። ቀረጻውም የራሱ ባለመብት አለው። ዜማው የሕዝብ ቢሆን እንኳን፣ ለምሳሌ የቆየ የባቲ ወይም የአምባሰል ዜማ፣ ቀረጻው የቀረጸው ሰው ነው።

ይህ ፎልደር ለእናንተ ብቻ የተሸጠ እንዳይመስላችሁ። ለከፈለ ሁሉ ይሰጣል። ከገዢዎቹ አንዱ ትራኩን በአከፋፋይ (ሙዚቃን ወደ ስፖቲፋይና ዩቲዩብ በሚያደርስ ድርጅት) በኩል ኮንተንት አይዲ በተባለው የዩቲዩብ የባለመብት መለያ ሲስተም ውስጥ ያስመዘግበዋል። ከዚያ ሲስተሙ ያንን ድምፅ የያዘ ቪዲዮን ሁሉ በዚያ አስመዝጋቢ ስም «የእኔ ነው» ብሎ ይይዛል። ከእናንተ ሙዚቃውን በሐቅ የገዛ የሰርግ ቪዲዮ ባለሙያ ቪዲዮው ላይ የኮፒራይት ጥያቄ ይመጣበታል፣ የማስታወቂያ ገቢውም ወደማያውቀው ሰው ይሄዳል። ለገበያው አቤት ይላል። ገበያው የእናንተን አካውንት ይዘጋል፣ ያልወጣ ገንዘብ ካለም ይይዛል። ፎልደሩን ያመጣልኝ ወጣት የደረሰበት ይሄው ነው። ሻጩ ምን አለው? «ሌላ አካውንት እንከፍትልሃለን፣ ማስከፈቻውን ላክ።»

ዩቲዩብ በዚህ ጉዳይ ሕጉ ግልጽ ነው። ኮንተንት አይዲ ውስጥ የሚገባው ብቸኛ መብት ያላችሁበት ድምፅ ብቻ ነው። ለብዙ ሰው የተሸጠ ሉፕ ወይም ሳምፕል አይገባም። ስለዚህ «ሙዚቃችሁን በኮንተንት አይዲ እናስጠብቅላችኋለን» ብሎ ለዚሁ ፎልደር ተጨማሪ ብር የሚቀበል ሰው አውቆ ወደ ችግር እየከተታችሁ ነው።

ውሉም ከፎልደሩ አይሻልም። ያየሁት ውል ሰልጣኙ «በስልጠናው ወቅትና ከዚያ በኋላ» የሚሠራውን ማንኛውንም ሙዚቃ፣ በዓለም ዙሪያ፣ ያለ ጊዜ ገደብ ለአሰልጣኙ ያስተላልፋል። በምትኩ «ከትርፉ ድርሻ» ይላል። ስንት በመቶ? አልተጻፈም። ትርፉን ማን ያሰላል? አሰልጣኙ። የሽያጭ ሪፖርት የማየት መብት? የለም። የራሱን ዜማ መሥራት የሚችል ጎበዝ ልጅ ይህንን ከፈረመ ገና ያልሠራውን ሥራ ሸጧል ማለት ነው። የቅጂ መብት አዋጁ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ለደራሲው የኢኮኖሚ መብት ብቻ ሳይሆን ስሙ ከሥራው ጋር እንዲጠቀስ የመጠየቅ የሞራል መብትም ይሰጠዋል። ውሉ ይሄንንም ለማስተው ይሞክራል። እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው አሳዩ። ለአንድ ምክር የምትከፍሉት ከስልጠናው ዋጋ ያንሳል።

የአካውንቱ ነገር ደግሞ አለ። የኢንተርኔት ገንዘብ ማስተላለፊያው ፔይፓል ለዓመታት ከኢትዮጵያ መላክ እንጂ መቀበል አልፈቀደም። ሻጮቹ ይህን ክፍተት ነው የያዙት። «አሜሪካ ባለ ሰው ስም እንከፍትላችኋለን» ይላሉ። አካውንቱ በሌላ ሰው ስም፣ ፓስወርዱ በሻጩ እጅ፣ ገንዘቡ በማታውቁት ባንክ። ያ ሰው አልልክም ቢል ማንን ትከሳላችሁ? ገበያውም የሚያውቀው እሱን እንጂ እናንተን አይደለም።

ይህን የምታነቡ ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድ፣ ዳላስ ያላችሁ ወገኖች፣ የአክስት ልጅ ደውሎ «ስምሽን ብቻ ስጪኝ» ሲላችሁ በደንብ አስቡበት። የግብር ፎርሙን የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። በዓመት ከ10 ዶላር ጀምሮ ሮያሊቲ የከፈለ የአሜሪካ ድርጅት 1099 የተባለውን የገቢ ማሳወቂያ ፎርም በስማችሁ ይልካል፣ ኮፒው ለአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ለአይአርኤስ ይደርሳል። ገንዘቡን አዲስ አበባ ብትልኩትም ገቢው የእናንተ ሆኖ ነው የተመዘገበው። ሙዚቃው የተሰረቀ ከሆነ ደግሞ የሚጠየቀው የአካውንቱ ባለቤት ነው። ዘመዳችሁን መርዳት ከፈለጋችሁ ጥሩ ማይክ ወይም ኦዲዮ ኢንተርፌስ ላኩለት።

ስለ ስክሪንሾቶቹም ልንገራችሁ። በወር ይህን ያህል ሺህ ዶላር ገባ የሚለውን ምስል ማንም በደቂቃ ይሠራዋል። ብሮውዘር ላይ ኢንስፔክት የሚለውን ከፍቶ ቁጥሩን መቀየር ብቻ ነው። ሻጩን በቪዲዮ ጥሪ ገጹን ሪፍሬሽ እንዲያደርግና የሻጭነት ገጹን ሊንክ እንዲልክላችሁ ጠይቁት። ኦዲዮጃንግል ላይ የእያንዳንዱ ደራሲ ገጽ ለሁሉም ይታያል። በዚህ ሙዚቃ ሺህ ዶላሮች የሚያገኝ ሰው ትራኮቹን የሚደብቅበት ምክንያት የለውም፤ ገዢ ነው የሚፈልገው።

«ስፖቲፋይ ላይም እንጭንላችኋለን» ለሚለው ደግሞ፣ ከ2024 ጀምሮ አንድ ትራክ በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 1000 ጊዜ ካልተደመጠ ስፖቲፋይ ምንም አይከፍልበትም። በቦት ማስደመጥ ደግሞ ቅጣት አለው።

የምር ሙዚቃ የምትሠሩ ከሆነ ግን ተስፋ እንድትቆርጡ አልፈልግም። የራሳችሁን ትራክ ሥሩ። ያው ትራክ በ60፣ በ30 እና በ15 ሰከንድ ተቆርጦ ይዘጋጅ፣ የሚደጋገም ክፍሉም ለብቻው ይውጣ፤ ማስታወቂያ ሠሪ የሚፈልገው ይሄንን ነው። ርዕሱንና መፈለጊያ ቃላቱን በእንግሊዝኛ በጥንቃቄ ጻፉ። መጀመሪያ ላይ ብቸኛ መብት ለአንድ ገበያ አትስጡ፤ ድርሻው ቢያንስም ሙዚቃው በእጃችሁ ይቆያል። አካውንቱን በራሳችሁ ስምና መታወቂያ ክፈቱ። የአሜሪካ ገበያ ከሆነ የውጭ ዜጋ የሚሞላውን ደብልዩ-8ቤን ፎርም እውነቱን ሞልታችሁ ላኩ።

ክራር፣ ማሲንቆ ወይም ዋሽንት ቀርጻችሁ የምታስገቡ ከሆነ ለተጫዋቹ የዕለቱን ክፍያ ክፈሉት፣ ቀረጻው ለንግድ እንደሚሸጥም ነግራችሁ በጽሑፍ አስፈርሙት። ብዙዎቻችን ይህን አናደርግም፤ «ጓደኛዬ ነው» እንላለን። ገበያው የተጫዋቹን ፈቃድ አምጣ ሲል ግን ጓደኝነት ወረቀት አይሆንም። ለእሱም ተገቢ ነው። የሕዝብ ዜማ ሲሆን ደግሞ በመግለጫው ላይ የሕዝብ ዜማ መሆኑን ጻፉ፣ ድርሰቱ የእኔ ነው አትበሉ። በንጹሕ የተቀረጸ ማሲንቆ ውጭ ያለ ገዢ በቀላሉ የማያገኘው ነገር ነው። ከዚያ ፎልደር ሁለት መቶ ትራክ ይልቅ እንዲህ ያለ አንድ ትራክ ይሻላል።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ዛሬ ይህን አድርጉ። ከፎልደሩ የጫናችሁትን ትራክ ሁሉ ከገበያው ላይ አንሡት፣ ከኮንተንት አይዲም እንዲወጣ ለአከፋፋዩ ጻፉ። አካውንቱ በስማችሁ ከሆነ ፓስወርዱንና የተመዘገበውን ኢሜይል ቀይሩ። በሌላ ሰው ስም ከሆነ ተጨማሪ ምንም አትጫኑበት። የቴሌብር ደረሰኙን፣ የቴሌግራም ንግግሩንና ማስታወቂያውን ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ፤ ሻጩ ነገሩን ሲያውቅ መልእክቱን ከሁለታችሁም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል። አሳሳች ማስታወቂያ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው፣ ማስረጃ ይዞ ለንግድ ቢሮና ለፖሊስ ማመልከት ይቻላል። አብሯችሁ የሰለጠነ ሰው ካወቃችሁ ተሰባስባችሁ ሂዱ።