ደሴ ላላችሁ ባለ ፎር ዊሎች፣ ጎሚስታ ልጠቁማችሁ

ደሴና ኮምቦልቻ ፎር ዊል ለምትነዱ ሁሉ ነው ይህን የምጽፈው። ቧንቧ ውሃ አካባቢ የሚሠራ አንድ ጎሚስታ አለ፤ እባካችሁ እሱ ጋ ሂዱ። ስሙን እንዳልጽፍ አስጠንቅቆኛል። "እኔ ፌስቡክ ላይ ምን እሠራለሁ!" ነው ያለኝ። ቦታውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ካስፈለገም ይዣችሁ እሄዳለሁ።

መኪናዬ፣ ራቭ ፎሯ፣ የአባቴ ነበረች። እሱ ካረፈ ወዲህ የምነዳት እኔ ነኝ። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ ስለዚህ የሐረጎን ዳገት መውረድና መውጣት ነው ኑሮዬ። ክረምት ላይ የኋላ ጎማዎቿ ጥርሳቸው አለቀ። አንድ ቤት ወሰድኳት። "የፊቶቹ ገና ይሠራሉ፣ ሁለት ይበቃሻል" ብለው ሁለት አዲስ ገጠሙልኝ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ሌላ ሆነች። ስትታጠፍ ትንገራገጫለች፣ ከሥሯ ታቃስታለች። አንዱ ጋራዥ "ካምቢዮው ነው" አለ። ሌላው "ዲፈረንሻሉ ይውረድ" (ኃይሉን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ማለት ነው) ብሎ ዋጋ ሲጠራልኝ ልሽጣት እንዴ አልኩ። ሦስተኛው ፈትቼ አየሁት ብሎ ብር ተቀበለኝ፤ ድምፁ ግን እዚያው አለ። ደግሞ የሚያናድደው፣ እኔ እየጠየቅኩ መልሱን ለወንድሜ ነው የሚያስረዱት። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለው! ስማቸውን አልጠራም፣ ፈጣሪ ይይላቸው።

እኚህ ጎሚስታ ጋ የገባሁት ነፋስ ለማስሞላት ብቻ ነበር። "እስቲ ቁሚ ልጄ፣ ይሄ ምን ድምፅ ነው?" አሉኝ። (አዎ፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ከላይ "እሱ" ያልኩት በፌስቡክ ልማድ ነው።) የአራቱንም ነፋስ እኩል አደረጉ። መኪናዋን በክሪክ አነሱና ከኪሳቸው ሲባጎ አወጡ። በአዲሱ ጎማ ዙሪያ አዞሩት፣ የገጠመበት ላይ ቋጠሩ። ያንኑ ሲባጎ አሮጌው ላይ ሲያዞሩት ሁለት ጣት ያህል ተረፈ። "ይኸውልሽ በሽታዋ" አሉኝ። በመለኪያ ሲያዩት የአዲሱ ጥርስ 8 ሚሊ ሜትር፣ የአሮጌው 3 ነበር።

ጥርሱ ያለቀ ጎማ ያንሳል፤ ትንሹ ጎማ ትልቁን ለመድረስ አብዝቶ ይዞራል። የእኔዋ ደግሞ ሁልጊዜ በአራቱም ነው የምትነዳው፤ ስለዚህ መሃል ላይ ያለው ነገር (ስሙን ነግረውኝ ነበር፣ ጠፋኝ) ዕረፍት የለውም፣ ይበላል። "በአንድ እግርሽ ታኮ፣ በአንዱ ነጠላ ጫማ አድርገሽ የጦሳን ተራራ ውጪ ቢሉሽስ?" አሉኝ። ፎር ዊሉ በእጅ የሚገባ ፒክ አፕ ግን ደረቅ አስፋልት ላይ ካላስገቡት ያን ያህል አይጎዳም አሉ።

ወሩ አጋማሽ ነበር፣ ብር የለኝም። "አብሽሪ" አሉኝ። ከአዲሶቹ ጋር በቁጥርም በዓይነትም አንድ የሆኑ ሁለት ጎማዎች አስመጥተው ገጠሙልኝ። "ግማሹን ደሞዝ ስትቀበዪ ታመጪያለሽ።" አያውቁኝም እኮ! መታወቂያ እንኳ አልጠየቁኝም። ዲፈረንሻሉን ማንም አልነካው፤ ሐረጎን ስወርድ ድምፁ የለም። አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ልጆቻቸውን ይባርክልኝ።

ጎማ ከመግዛታችሁ በፊት እሳቸውን ጠይቁ። እደግመዋለሁ፣ በፊት። አርብ ቀትር ላይ ለስግደት ይዘጋሉ፣ በከንቱ እንዳትለፉ። ሰኞ ገበያ ስለሆነ ሰው ይበዛባቸዋል፣ በጠዋት ድረሱ።