የደጋን ጭራ በሙያው ለሚቀይሩልን የባሕር ዳር ባለሙያ ምስጋና

ለሁለት ወር ያህል ከሣጥኑ ያልወጣው ቫዮሊኔ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ወደ ሥራው ስለተመለሰ፣ ለዚህ ላበቁኝ ሽምብጥ አካባቢ ለሚኖሩ አዛውንት ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ እወዳለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ ተማሪዎቼና እኔ እንደምንጠራቸው ጋሼ እላቸዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ነሐሴ ነው። ለሥራ በሄድኩበት ከተማ የደጋኔን፣ ማለትም የቫዮሊኔን መምቻ ዘንግ፣ ጭራ አስቀየርኩና ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ይሁን እንጂ ዝናቡ አልፎ በጋው ሲበረታ፣ ጭራውን የሚወጥረውን ብሎን እስከ መጨረሻው ባላላውም ደጋኑ እንደተወጠረ መቅረት ጀመረ። የፈረስ ጭራ እርጥበት ሲያገኝ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል፤ በክረምት ልክ የተቆረጠ ጭራ በየካቲት ልክ ሊሆን አይችልም። ጋሼ ደጋኑን ከእጄ ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንተው አንድ ጊዜ እንዳዩት ነገሩ ገባቸው፤ «ልጄ፣ ትንሽ ብትቆይ ኖሮ እንጨቱ ጉብጠቱን አጥቶ ይቀርብህ ነበር» አሉኝ።

ከዚያ የባሰው ግን ጭራውን ሲፈቱ ወጣ። የጭራው ሁለት ጫፎች በደጋኑ ላይ በተቆፈረላቸው ጉድጓድ የሚያዙት በልክ ተጠርባ በምትገባ ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ሲሆን፣ ሙጫ አያስፈልጋትም፤ ቀጥሎ ጭራ የሚቀይር ሰው በቀላሉ ሊነቅላት ይገባልና። የእኔን የሠራው ሰው ጫፉ ላይ ሱፐር ግሉ አፍስሶበት ኖሮ፣ ጋሼ ቀጭን መሮ ይዘው እንጨቱን ሳይነኩ ሙጫውን ብቻ እየፋቁ ሲያወጡ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ለዚህ ተጨማሪ ዋጋ አልጠየቁኝም።

ለአንድ የቫዮሊን ደጋን ከ150 እስከ 200 የሚሆን ጭራ ይበቃል። እሳቸው በጣታቸው መካከል እያሳለፉ የተሰነጠቀውንና የተጠማዘዘውን አንድ በአንድ ለቅመው ያወጣሉ፤ ጫፉን በክር ጠፍረው ቋጠሮው ላይ የቀለጠ ሮዚን (ጭራው የሚቀባው የዛፍ ሙጫ) ጠብ ያደርጋሉ፤ ከዚያም በውኃ በራሰ ማበጠሪያ ከላይ እስከ ታች ደጋግመው ያበጥሩታል፣ አንዱ ጭራ ከሌላው ጋር ተጠላልፎ ከቀረ ውጥረቱ ወደ አንድ ወገን አድልቶ እንጨቱን ያጣምማልና። ርዝመቱን ሲለኩም ለበጋው የምትሆን ትንሽ ትርፍ ይተዋሉ። በሐይቅ ዳር ከተማ መኖራችንን ከግምት ያስገባልኝ የመጀመሪያው ባለሙያ እሳቸው ናቸው።

ጭራውን የሚያስመጡት ከእንጅባራ በኩል፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ከሚደምቅበት አገር ነው። የወንድ ፈረስ ጭራ ይመርጣሉ፤ የባዝራው በሽንት ስለሚነካ ቶሎ ይበላሻል ይላሉ። የማሲንቆ ደጋንም ሆነ የማሲንቆው አንድ አውታር ከዚሁ ጭራ የሚሠራ በመሆኑ፣ ከደጃቸው ቫዮሊን የያዘ ተማሪና ማሲንቆ ያዘለ አዝማሪ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ ማየት የተለመደ ነው። እኔን ያስተማሩኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ተጫውቼ በጨረስኩ ቁጥር ብሎኑን ማላላትና እንጨቱ ላይ የተበተነውን የሮዚን ዱቄት በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ነው። ይህን ለዓመታት ለተማሪዎቼ ስናገር ቆይቼ ራሴ አላደርገውም ነበር።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ጋሼ ሥራ ከያዙ ስልክ አያነሡም፤ ሦስት ቀን ያሉት ሥራም ሳምንት ሊሆን ይችላል። እንዲያም ሆኖ፣ ለአንድ ደጋን ብሎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ከመመላለስ እሳቸውን መጠበቅ ይሻላል፤ የጠየቁኝም ዋጋ ለመንገዱ ከማወጣው የአንድ ጉዞ ትኬት ያንሳል።

አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መልእክት ይጠይቀኝ። ስትሄዱ ደጋኑን አላልታችሁ ውሰዱ፤ የተበጠሰ ጭራ ካለም በመቀስ ቁረጡት እንጂ በእጃችሁ አትንጩት፣ ቋጠሮውን ያላላዋል።