ጀልባ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ እኚህን ሰው ሳታማክሩ ቀብድ አታስይዙ

ባለፈው ወር በመሥሪያ ቤታችን የሁላችንም ደመወዝ በሲሶ ተቀነሰ። ደብዳቤው ሲደርሰኝ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ጀልባዬ ነበር። ቤት ገብቼ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ደመርኩ፣ ቀነስኩ፣ እንደገና ደመርኩ። ይበቃኛል። ይጠብባል እንጂ ይበቃኛል። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የወሰንኩት የዚያን ዕለት ሌሊት ነው፤ ያቺ «ይበቃኛል» የመጣችው በእኔ ብልሃት ሳይሆን አንድ ሰው በጠየቁኝ አንዲት ጥያቄ ነውና።

ሰውየው የጀልባ መርማሪ ናቸው። ለገዢ ቆመው ጀልባውን ይመረምራሉ፣ ከሻጭ ጋር ይደራደራሉ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ፊት ለፊትም የምጠራቸው እንደዚሁ ነው። ሲመሰገኑ ይቆጣሉ። ይቆጡ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። አባቴ 31 ዓመት ሙሉ የሰው ጀልባ ሲነዳ የኖረ ነው። ሰው አመላለሰ፣ ዕቃ አመላለሰ፣ የባለጸጎችን ልጆች አዝናና። የራሱን ጀልባ ግን አንድ ቀን እንኳ ነድቶ አያውቅም። ጡረታ ሲወጣ የሰጡት አንድ የግድግዳ ሰዓት ነው። እኔም በልቤ «እግሩ ሳይከዳው» ብዬ መቆጠብ ጀመርኩ፤ 9 ዓመት ፈጀብኝ። እንግዲህ በ9 ዓመት ቁጠባ ላይ እጃቸውን የዘረጉትን ሰዎች ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

የመጀመሪያው ቦታ ሻጩ ገና ከበር «ወንድሜ» ብሎ ተቀበለኝ። ዋጋው ከሰኞ ጀምሮ እንደሚጨምር ነገረኝ፤ ቀኑ ዓርብ ነበር። ጀልባው ገና የሚሠራ፣ ከ8 ወር በኋላ የምረከበው ነው ተባልኩ። 10 በመቶ ቀብድ አስያዝኩና በደስታ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በአራተኛው ወር ደብዳቤ መጣ፦ የጥሬ ዕቃና የሞተር ዋጋ ስለጨመረ የእኔም ዋጋ ጨምሯል። በስድስተኛው ወር ሌላ ደብዳቤ መጣ። ውሌን አውጥቼ ሳነብ በመጨረሻው ገጽ፣ የጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል፣ ሻጩ እስከ ርክክቡ ቀን ዋጋውን ማስተካከል እንደሚችል ተጽፏል። ፊርማዬ ከሥሩ አለ። አልፈልግም ብዬ ስወጣ ቀብዱ በዚያው ቀረ። ሰው ጀልባ ገዝቶ ገንዘቡን ውሃ ይበላዋል፤ የእኔን ግን ጀልባውን ሳላይ በላው። «ወንድሜ» ሲለኝ የነበረው ሰው ከዚያ በኋላ ስልኬን አንስቶ አያውቅም።

ሁለተኛው ቦታ የባሰ ነበር ለማለት ይከብደኛል፤ የለሰለሰ ነበር ብል ይሻላል። ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና «በወር ስንት ብትከፍል ይመችሃል?» አለኝ። አንድ ቁጥር ጠራሁ። ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገ፤ በአዳራሹ ያሉት ጀልባዎች በሙሉ ለእኔ ልክ ሆኑ። ትንሹም ትልቁም በዚያችው ወርኃዊ ክፍያ! ሙሉ ዋጋውን ስጠይቀው ፈገግ እያለ ወደ ወሩ ይመልሰኛል። ማታ ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብላኝ አሰላችው። ብድሩ የ20 ዓመት ነው፤ ወለዱ ሲደመር የምንከፍለው የጀልባውን ዋጋ እጥፍ ሊያክል ምንም አልቀረውም። «ጀልባው ሲያረጅ እኛም አርጅተን፣ ዕዳው ግን ገና ጎረምሳ ነው» አለች። እሷ ባትኖር ኖሮ ዛሬ የት እንደምሆን እንጃ። ስለ ሦስተኛው ቦታ አልናገርም፤ ሆድ ይፍጀው።

ተስፋ ቆርጬ ያገለገለ ጀልባ ልይ ብዬ ወደ አንድ መጠገኛ ስሄድ፣ እዚያ የሚሠራ ልጅ የጋሼን ስልክ በሲጋራ ካርቶን ላይ ጽፎ ሰጠኝ። ደወልኩ። ሰላምታዬን እንኳ ሳልጨርስ «ቀብድ አስይዘሃል?» አሉኝ።

«አሁን የለም።»

«እንግዲያው አልረፈደም።»

ክፍያቸውንም በዚያው ነገሩኝ። ቁርጥ ነው። ጀልባው ቢረክስም ቢወደድም፣ ብገዛም ባልገዛም ያው ነው። ያን ጊዜ ትርጉሙ አልገባኝም ነበር። ኋላ ሳስበው እስከዚያ ድረስ ያማከሩኝ ሁሉ እኔ ብዙ በከፈልኩ ቁጥር ብዙ የሚያገኙ ሰዎች ነበሩ። ዋጋ ሲጨምር ገቢው የሚጨምር ሰው እንዴት አድርጎ ዋጋ ያስቀንስልኛል?

አብረን የሄድንበት ቦታ አንድ 9 ሜትር የሚሆን ነጭ ጀልባ ቆሟል። ዓይኔን ሰረቀኝ። ሻጩ «አዲስ ነው፣ በቅርቡ የገባ» እያለ ወደ መኝታ ክፍሉ ሊያስገባን ሲል ጋሼ አልተከተሉትም። በጀልባው ጀርባ ዞሩ፣ በቀኝ በኩል ዝቅ አሉ፣ አቧራውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉና መነጽራቸውን አደረጉ። እዚያ ላይ የፊደልና የቁጥር ድርድር ተቀርጿል፤ እኔ የጌጥ መስሎኝ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አስረዱኝ። አዲስ የሚሠራ ጀልባ ከኋላው መለያ ቁጥር ይቀረጽበታል። መጨረሻ ላይ ያሉት ሁለት አኃዞች የሞዴሉ ዓመት ናቸው። ከእነሱ በፊት ያለችው አንዲት አኃዝ የተሠራበትን ዓመት፣ ከእሷ በፊት ያለችው ፊደል ወሩን ትናገራለች። ከዚያ ብድግ ብለው ጉልበታቸውን እያራገፉ ሻጩን ጠየቁት፦

«ይህ ልጅ ሁለተኛ ልደቱን አከበረ ወይስ ገና ነው?»

ሻጩ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ።

ይህችን ቅጽበት ስንት ጊዜ ለሰው እንዳወራኋት አልቆጠርኩም። ባለቤቴ ስትሰለቻት፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ስትጀመር ገና ይነሳሉ። እኔ ግን አልጠግባትም። ሦስት ቦታ ተታልዬ ስመለስ ማንም ያላሳየኝን ነገር ሰውየው በአንድ አውራ ጣት አሳዩኝ።

ሻጩ መጠጥ ውሃ ሊያመጣልን ሲገባ ደግሞ ሌላውን ነገሩኝ። ብዙ ነጋዴዎች ግቢያቸው ውስጥ ያቆሙትን ጀልባ የገዙት በባንክ ብድር ነው፤ ጀልባው ሳይሸጥ በቆየ ቁጥር ወለዱ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ሰው ከወረርሽኙ ሸሽቶ ወደ ውሃ ሲሮጥ መጋዘኖች ባዶ ሆኑ፣ ዋጋ ናረ፣ ነጋዴውም ይህ ነገር የማያልቅ መስሎት ብዙ አዘዘ። ያዘዘው ሲደርስለት ጊዜው ተገልብጦ ጠበቀው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ እንኳ በመጋቢት 2022 ዜሮ አጠገብ የነበረውን ወለድ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ አድርሶታል። ገዢው ደነገጠና ቤቱ ተቀመጠ። «ኑሮ ሲጨንቀው ሰው መጀመሪያ የሚሰርዘው ጀልባ ነው» አሉኝ ጋሼ። «ስለዚህ ዋጋው ለምን በዛ ብለህ አትጠይቅ። ስንት ወር እንደቆመ ጠይቅ። ይህ ጀልባ በየወሩ የእሱን ገንዘብ ይበላል፤ የአንተን ገና አልበላም። መቸኮል ያለበት እሱ ነው።»

እኔ እንግዲያውስ እንርገጠው አልኩ፤ የተበደልኩትን ሁሉ በዚህ ሰው ላይ ልወጣ ፈለግሁ። ተቆጡኝ። ወሬ ስለሚወዱ ቁጣቸውም በታሪክ ነው የሚመጣው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1991 ከ100,000 ዶላር በሚያልፈው የጀልባ ዋጋ ላይ 10 በመቶ የቅንጦት ግብር ጣሉ። ባለጸጋው መግዛቱን ተወና ሌላ መዝናኛ ፈለገ፤ ሥራ አጥቶ ቤቱ የገባው ጀልባ ሠሪው ነበር። ግብሩ በ1993 ተሻረ። «ይኸም ልጅ ደመወዝተኛ ነው» አሉኝ ወደ ሻጩ በር እያዩ። «ዋጋውን እንጂ ሰውየውን አታዋርድ።»

ድርድሩን ብነግራችሁ አታምኑም። ጋሼ በቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ጽፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ፣ ውሃቸውን ጠጡ፣ ዝም አሉ። ዝምታው ሲበዛ አፌን ልከፍት ስል እግሬን ረገጡኝ። ሻጩ ሁለት ጊዜ «ሥራ አስኪያጁን ላማክር» ብሎ ገባ፣ ሁለት ጊዜ ወጣ። በመጨረሻ ከተለጠፈው ዋጋ ላይ 14 በመቶ ወረደ። ከዚያ በላይ አልችልም ሲል ጋሼ ወደ ዕቃ ዞሩ፦ ተጎታቹ፣ ሽፋኑ፣ የነፍስ አድን ጃኬቶቹ፣ የመጀመሪያው የሞተር ሰርቪስ። ዋጋ መቀነስ የከበደው ሻጭ ዕቃ መጨመር አይከብደውም፤ ይህን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። እኔ በደስታ ሰክሬ እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሴን እዳብስ ነበር።

ጋሼ ግን «አንዴ ወደ ውጭ እንውጣ» አሉኝ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ያቺን ጥያቄ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ነገ ደመወዝህ ቢቋረጥ የዚህን ጀልባ ክፍያ ስንት ወር ትችለዋለህ?»

አሰላሁ። ሦስት ወር። ቢበዛ አራት።

የማሰሪያ ቦታውን ኪራይ፣ ኢንሹራንሱን፣ ነዳጁን፣ ጥገናውን ቆጥረህ ነው? አሉኝ። አልቆጠርኩም። በጀልባ ዓለም ብዙ ሰው የሚይዘው ግምት የዓመቱ ወጪ የዋጋውን አንድ አሥረኛ ያህል ይሆናል የሚል ነው አሉኝ። እንደገና አሰላሁ። ሁለት ወር። ዝም አልኩ። እሳቸውም ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ «ዋጋውን አሸንፈነዋል፣ ጀልባውን ግን አላሸነፍነውም» አሉና በእጃቸው ወደ ግቢው ጥግ አመለከቱ። እዚያ ስድስት ሜትር ተኩል የሆነች፣ አቧራ የጠጣች፣ እኔ ስገባ አልፌያት የሄድኩ ጀልባ ነበረች።

አስቡት። ሥራቸውን ጨርሰው ነበር። ፈርሜ ቢሆን ገንዘባቸውን ተቀብለው ይሄዳሉ፣ እኔም እጃቸውን ስሜ እሸኛቸው ነበር። እሳቸው ግን ተመልሰው ገቡ፣ ከዜሮ ጀመሩ፣ ለትንሿም ያንኑ ያህል አስቀነሱልኝ። ለሁለተኛው ድርድር ሰባራ ሳንቲም አልጠየቁኝም። ልክፈል ስላቸው «አንድ ሰው፣ አንድ ጀልባ፣ አንድ ክፍያ» ብለው ኮታቸውን ለበሱ።

ውሉን ቃል በቃል አነበቡልኝ፤ የጉንዳን እግር የሚያክለውንም ጭምር። ዋጋው እንደማይለወጥ አስጻፉ። ባንኩ ብድሩን ቢከለክለኝ ወይም ጀልባዋ በውሃ ላይ ሙከራዋን ብትወድቅ ቀብዴ እንዲመለስልኝ አስጻፉ። የተሰጠኝ ዕቃ ሁሉ በስሙ እንዲዘረዘር አደረጉ፤ ገመዱ ሳይቀር።

በሙከራው ቀን አባቴን ይዤው ሄድኩ። ጋሼ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት መዳፋቸውን አስቀመጡበት፤ ቀድሞ ተሞቆ እንዳይሆን ነው። ቀፎውን በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ እያደረጉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ የታማሚ ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም ዞሩት። ስለ ሞተሩ ዙር፣ ስለ ፋይበርግላሱ እርጥበት ብዙ ነገሩኝ፤ ልድገመው ብል እዋሻለሁ፣ አልገባኝም። የገባኝ አንድ ነገር መሪው አጠገብ የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ናት። ሻጩ «የትም ባሕር ትወስዳችኋለች» ብሎን ነበር። በሰሌዳዋ ላይ የአውሮፓውያኑ ደረጃ «ሲ» ተጽፏል፤ ጋሼ እንዳስረዱኝ ይህ የነፋስ ኃይል ቦፎርት በሚባለው የነፋስ መለኪያ እስከ 6፣ ማዕበል እስከ 2 ሜትር ድረስ ማለት ነው። አባቴ ሰምቶ «ከዚያ በላይ ሲሆንማ ማን ጤነኛ ይወጣል?» አለ። ሁለቱ ሽማግሎች ተያዩና ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔን ረሱኝ።

ከወደቡ ስንወጣ አባቴ መሪውን ያዘ። አብሮን የወጣው የሻጩ ሠራተኛ ሊቀበለው እጁን ሲዘረጋ ጋሼ በዓይናቸው ተዉት አሉት። አባቴ ምንም አልተናገረም። ብቻ ስንመለስ ጀልባዋን ከማሰሪያው ጋር ያስጠጋት እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ነበር፤ ጋሼም ወደ እኔ ዘወር ብለው «ለካስ ነጂ ይዘህልኛል የመጣኸው» አሉኝ።

እባካችሁ፣ ጀልባ የምትገዙ፣ በተለይ በዚህ ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ፣ ብቻችሁን አትግቡ። እኚህን ሰው ያዙ። የከፈልኳቸው ክፍያ መጀመሪያ ቦታ ከቀረው ቀብዴ ሩቡን እንኳ አይሆንም። እደግመዋለሁ፣ እኚህን ሰው ያዙ። እሳቸውን ማግኘት ባትችሉ እንኳ ክፍያው ቁርጥ የሆነ፣ ከሻጭ ምንም የማይቀበል መርማሪ ፈልጉ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በግል ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ቶሎ አያነሱም። ውሃ ላይ ናቸው ወይም የአንዱን ጀልባ ሆድ እያንኳኩ ነው። ደጋግማችሁ ደውሉ። ሲያነሱ ደግሞ ስለ ቀብድ ነው መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ፣ እውነቱን ንገሯቸው።

ጋሼ፣ ይህን አንብበው እንደሚቆጡ አውቃለሁ። እሑድ አባቴ ይጠብቅዎታል። መሪውን ግን አይሰጥዎትም።