«አፈሳ»ን በትክክል የሚተረጉም ቤት፦ ከፖስታ ቤት እስከ ጥቁር አንበሳ ባለው መንገድ ስላለ አንድ የትርጉም አገልግሎት

ከፖስታ ቤት ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሚያወጣው መንገድ፣ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ብዙ ሳይርቅ፣ የፎቶ ኮፒ፣ የጉርድ ፎቶግራፍና «ፎርም እንሞላለን» የሚሉ ማስታወቂያዎች የተደራረቡበት አንድ አሮጌ ሕንፃ አለ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ባለው የትርጉምና የጽሕፈት ቤት ባለፉት ወራት አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ጉዳዩ የቤተሰብ ስለሆነ፣ ነቀፋም ስላለኝ የቤቱን ስም አልጠቅስም።

ታናሽ ወንድሜ ዋሽንግተን አካባቢ ይኖራል፤ የጥገኝነት ማመልከቻው እስካሁን ውሳኔ አላገኘም። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የዋሽንግተንን ፖሊስ ለ30 ቀናት በፌዴራል መንግሥት ቁጥጥር ሥር አድርገው ብሔራዊ ዘቡን ሲያሰማሩ፣ የኢሚግሬሽን መኮንኖችም በመንገድ ፍተሻ ላይ አብረው መታየት ጀመሩ። ወንድሜ መኪናውን አቁሞ ቤት ዋለ። ለእናታችን «ሥራ ቀዝቅዞ ነው» አላት፤ ለእኔ ግን ጠበቃው የፈለጋቸውን ወረቀቶች ዝርዝር ላከልኝ፤ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የቀበሌ ደብዳቤና እናታችን በፊርማዋ የሰጠችው የምስክርነት ቃል ነበሩበት።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደዚህ ቤት አልነበረም። ወረቀቶቹን በአንድ ቀን አስተርጉሞ፣ በሦስት ዓይነት ማኅተም አስደምቆ የሰጠኝ ሌላ ቤት ነበር፤ ዋጋውም የማኅተሙን ብዛት ያህል ነበር። ጠበቃው ግን ሁሉንም መለሰው። ወንድሜ የተወለደው ጥቅምት 3 ቀን 1980 ዓ.ም. ነው። 1979 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች አዲሱ ዓመት የገባው በፈረንጆቹ መስከረም 12 ቀን ነው፤ ስለዚህ ጥቅምት 3 የሚውለው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 1987 ሲሆን ፓስፖርቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ተርጓሚው ግን እንደ ሌላው ዓመት ቆጥሮ 13 ብሎ ጻፈ። ሰላም በሆነ ጊዜ የአንድ ቀን ልዩነት በይቅርታ ይታለፍ ይሆናል፤ በአሁኑ ጊዜ ግን «ይህ ሰው ያው ሰው ነው?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል።

በሁለተኛው ቤት ሁሉም «ጋሼ» እያለ የሚጠራው አዛውንት ተርጓሚ ወረቀቱን እንደተቀበለ የተወለደበትን ዓመት ለአራት አካፈለና ቀሪው ባዶ መሆኑን፣ ማለትም ያለፈው ዓመት ጳጉሜን ስድስት እንደነበረች አየ፤ ከዚያም ከመሳቢያው የቀን መቁጠሪያ መጽሐፍ አውጥቶ በጣቱ ተከተለ። ማኅተሙን በተመለከተ የነገረኝ ደግሞ ገንዘብ አዳነልኝ። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን አገልግሎት የሚጠይቀው ሙሉ ትርጉምና ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚችል፣ ትርጉሙም የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን በፊርማው የሚያረጋግጥበት ጽሑፍ ነው፤ የውልና ማስረጃ ማኅተም በትርጉሙ ላይ እንዲመታ አያስገድድም። ከግድግዳው ላይ «የቪዛም ሆነ የጉዳይ ውጤት ዋስትና አንሰጥም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በዚያ መንገድ ላይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው።

ቤቱን ከሌሎቹ ለይቼ እንድጽፍለት ያደረገኝ ግን አንድ ቃል ነው። በእናቴ ቃል ሁለተኛ ገጽ ላይ «ልጄ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. በአፈሳ ተይዞ ዴዴሳ ተወሰደ» የሚል፣ የዴዴሳን ወታደራዊ ካምፕ የሚጠቅስ ዓረፍተ ነገር አለ። የመጀመሪያው ቤት በእንግሊዝኛ «ታሰረ» ብሎ አልፎት ነበር። ጋሼ ግን ብዕሩን አስቀምጦ ይጠይቀኝ ጀመር፤ ስሙን ጠርተው ነው የያዙት ወይስ መንገድ ላይ የተገኘውን ሁሉ? ከቤት ነው ከሰፈር? ወረቀት አሳይተው ነበር? እንደማስታውሰው ነገርኩት፤ ከሱቅ ሲመለስ፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር፣ ያለ ምንም ወረቀት። «ለአሜሪካ ዳኛ 'ታሰረ' ብለህ ብትጽፍለት በምን ወንጀል ብሎ ይጠይቅሃል» አለኝ። «በአፈሳ የተያዘ ሰው ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። አፈሳ ማለት ይኸው ነው።» በመጨረሻ ማንነታቸውና ጥፋታቸው ሳይለይ በጅምላ ከመንገድ ላይ ከተያዙ ወጣቶች መካከል አንዱ እንደነበረ የሚገልጽ ረዘም ያለ ሐረግ ጻፈ፤ የአማርኛውን ቃልም በላቲን ፊደል አጠገቡ አኖረው።

ቃሉ እህል ከአውድማ ወደ ጆንያ ከማፈስ የመጣ ነው፤ የሚያፍሰው ሰው ፍሬውን ከገለባው አይለይም። በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት ሲሰበሰብ የሰማነው፣ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላም የደገምነው ቃል ስለሆነ፣ ሌላ አገር የሆነውን ስናይም ቀድሞ አፋችን ላይ የሚመጣው እሱ ነው። በቤቱ መጠበቂያ ያለው ቴሌቪዥን ይህን በግልጽ አሳየኝ። ዜና አንባቢው ፊታቸውን የሸፈኑ የ«አይስ» (የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት) መኮንኖችን እያሳየ «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» ሲል፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት በአንድ ድምፅ «አፈሳ» ይሉታል። ከሁለት አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ክርክሩ ሁሉ ያለው በሁለቱ ስያሜዎች መካከል ነው። መንግሥት የምይዘው ወንጀል የሠሩትንና የመባረር ትእዛዝ ያለባቸውን ነው ይላል፤ እንደ ሎስ አንጀለስና ቺካጎ ያሉ ከተሞች ደግሞ ፖሊሳችን በኢሚግሬሽን ሥራ ከገባ ስደተኛው የተፈጸመበትን ወንጀል እንኳ ለማመልከት ይፈራል ብለው አንተባበርም ይላሉ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሥራ ቦታዎች ላይ በተካሄደው ዘመቻ ተቃውሞ ሲነሳ ወደ 4,000 የብሔራዊ ዘብ አባላትና 700 የባሕር ኃይል እግረኞች የተላኩት የግዛቱ ገዥ እየተቃወመ ነው። በስም የሚፈለግን ሰው መያዝ ብዙ ሰው ይደግፋል፤ የመኪና ማጠቢያ ከብቦ የተገኘውን መሰብሰብ ሲሆን ያው ሰው ፊቱን ያዞራል። ጋሼ ለእናቴ ቃል የጠየቃቸው ጥያቄዎች እዚያም ቢጠየቁ ነገሩ ብዙ ይጠራ ነበር።

በሦስተኛው ጉብኝቴ ወንድሜ የላከውን «መብትዎን ይወቁ» የሚል የእንግሊዝኛ ወረቀት ለእናቴ እንዲተረጎምላት ወሰድኩ፤ እውነቱን ከወዲያኛው ጎረቤት ሰምታ ነበርና። እዚህም ጋሼ አንድ ቃል ላይ ቆመ። በእኛ አነጋገር «ማዘዣ» ሲባል የፍርድ ቤት ነው የሚመስለን፤ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መኮንኖች አዘውትረው የሚይዙት ግን ዳኛ ያልፈረመበት፣ የመሥሪያ ቤቱ ሹም የፈረመበት ወረቀት ነው፤ በር አንኳኩቶ ፈቃድ ሳይጠይቁ ለመግባት የሚያበቃው ግን የዳኛው ነው የሚለው የቆየ የሕግ አረዳድም በወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። በትርጉሙ አንዱን «የመሥሪያ ቤት መያዣ ወረቀት»፣ ሌላውን «ዳኛ የፈረመበት የፍርድ ቤት ማዘዣ» ብሎ ለየው። እናቴ ስታነበው «እንግዲያው በሩን አይክፈት» አለች።

አግዳሚው ራሱ ሌላ ትምህርት ቤት ነው። አንድ ቀን አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ከሪያድ የተመለሰችው በ2006 ዓ.ም. መሆኑን አጫወተችኝ። ሳውዲ ያለ ፈቃድ ለሚኖሩ የውጭ ዜጎች የሰጠችው የምሕረት ጊዜ እንዳበቃ መንፉሃ በተባለው ሰፈር ግጭት ተነሥቶ ወገኖቻችን የሞቱበት፣ በጥቂት ወራት ውስጥም ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በአውሮፕላን የተመለሱበት ጊዜ ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ሁሉ አብሮ አልቅሷል። ሴትዮዋ የምታስታውሰው ግን የፎቁን በር ለፖሊስ ያሳየውን ጎረቤት ነው። ከእሷ ወዲያ የነበሩት ሰውዬ በቴሌቪዥኑ እየተናደዱ አሜሪካንን ሲረግሙ ቆይተው፣ አንድ ኤርትራዊ ወጣት ወረቀቱን ይዞ ሲገባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቤት ኪራይ ያስወደዱብን እነዚህ ናቸው፤ መንግሥት አንድ ሊላቸው ይገባል» አሉ። አገራችን ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ታስተናግዳለች፤ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም በወረቀት ላይ ለጋስ ነው። ሆኖም ከጥር 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኤርትራውያን እንደ ቀድሞው በጅምላ እውቅና ማግኘታቸው ስለቀረ፣ በአዲስ አበባ ያለ መታወቂያ ወረቀት የሚኖረው ብዙ ነው። ሰውዬውን ማንም አልተናገራቸውም፤ እኔም ዝም አልኩ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል። ጋሼ ግን ወጣቱን «ና ልጄ፣ ተቀመጥ» ብሎ የጀመረውን ወረቀት አሳይቶ ዋጋውን ነገረው፤ ከሁላችን የሚያስከፍለውን ነው የነገረው።

ጉድለቱን መደበቅ ግን አይገባም። ማክሰኞ የተባልኩት ሥራ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው የተጠናቀቀው፤ መብራት መጥፋቱ እውነት ቢሆንም ደውሎ መንገር አያቅትም ነበር። ጸሐፊዋ የአያታችንን ስም በአንዱ ገጽ በአንድ ፊደል፣ በሌላው ገጽ በሁለት ፊደል አስፍራው፣ እኔ ባላየው ኖሮ እንደዚያው ይሄድ ነበር፤ ቀኑን እንዲያ የሚመረምር ቤት የራሱን ጽሑፍ ሁለተኛ ሰው እንዲያነበው ማድረግ ነበረበት። የቴሌቪዥኑ ድምፅም ከልክ ያለፈ ነው፤ ልጁ የት እንዳለ የማያውቅ ወላጅ በሚጠብቅበት ክፍል ያንን ቀኑን ሙሉ ማሳየት ጭካኔ ይመስለኛል። ይህንን ለጋሼ ነግሬው «እኔ እኮ ብዘጋው እነሱ ይከፍቱታል» አለኝ።

ዋጋው በገጽ 400 ብር ነው፤ ከመጀመሪያው ቤት በገጽ ይወደዳል፣ በጠቅላላው ግን ግማሹን ነው የከፈልኩት። ቴሌብር ይቀበላሉ፤ ደረሰኝ ይሰጣሉ። ጠበቃው ሁለተኛውን ትርጉም ያለ ጥያቄ ተቀብሎታል። ወደዚያ የሚሄድ ሰው የፓስፖርቱን ኮፒ ይያዝ፤ ስምና ቀን የሚመሳከሩት ከእሱ ጋር ነው። ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ክፍት ናቸው። ሊፍቱ ስለማይሠራ እናቶችን ይዞ መውጣት አያስፈልግም፤ ፊርማ ከተፈለገ ጸሐፊዋ ወረቀቱን ይዛ ወደ ታች ትወርዳለች።