ሊንክ የት ይጠራቀም? ቴሌግራም፣ ኢንስታፔፐር፣ ሬይንድሮፕ ወይስ ዋላባግ

የፋየርፎክስ ብራውዘር ባለቤት ሞዚላ፣ ሊንክ አስቀምጦ በኋላ ማንበቢያ የነበረውን ፖኬት የተባለ አፕ እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2025 ዘጋው። «በኋላ አነበዋለሁ» እያለ ሊንክ ሲያጠራቅም የኖረ ሰው ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነበት። አፕ ሲመረጥ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ሊንኩ እንዴት እንደሚገባ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እንዴት እንደሚወጣ ነው።

መግባቱማ ዛሬ ቀላል ነው። ድሮ አይፎን ላይ አንድ አፕ ሊንክ ለሌላው እንዲያቀብል፣ ገንቢው ለእያንዳንዱ አገልግሎት ለብቻው ኮድ ይጽፍ ነበር። ሼርኪት የሚባለው ነፃ ላይብረሪ (ገንቢዎች አፓቸው ውስጥ የሚያስገቡት ዝግጁ ኮድ) ይህን ድካም ሊያቀል መጣ። የሠራው ደግሞ ራሱ የፖኬት ፈጣሪ ኔት ዋይነር ነው። አንድሮይድ አፖች ሊንክ እንዲቀባበሉ ቀድሞም ይፈቅድ ነበር፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2014 በአይፎን ሲስተም፣ በአይኦኤስ 8 ተከተለ። አሁን ሼር የምትለዋን ተጭኖ አፑን መምረጥ ነው፣ አለቀ።

እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን የምናስቀምጠው ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ ነው። ነፃ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ስልኩ ላይም አለ። ችግሩ፣ የሚቀመጠው ሊንኩ ነው እንጂ ጽሑፉ አይደለም። ገጹ ከተነሳ ጽሑፉም የለም። ማውጣት ሲፈለግ ኮምፒውተር ላይ በቴሌግራም ዴስክቶፕ ይቻላል፤ ግን የሚወጣው የቻት ፋይል ነው። ከዚያ ውስጥ ሊንኮቹን ለይቶ ለሌላ አፕ ማቀበል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ጥቂት ሊንክ ላለው ይበቃል፤ ለዓመታት ላጠራቀመ ግን ጣጣ ነው።

ማንበብ ለሚወድ ሰው ኢንስታፔፐርን የሚያክል የለም ባይ ነኝ። ጽሑፉን ከማስታወቂያና ከግርግሩ አጥርቶ ስልክ ላይ ያወርደዋል። ዳታ ቢያልቅ፣ ኔትወርክ ቢጠፋ፣ ታክሲ ውስጥ ይነበባል። ዝርዝሩን በሲኤስቪ (በሰንጠረዥ ፋይል) ያወጣል። ፕሪሚየሙ በወር 5.99 ዶላር ነው፤ ለአብዛኛው ሰው አያስፈልግም፣ ነፃው በቂ ነው።

ሬይንድሮፕ ከማንበቢያ ይልቅ ማኅደር ነው። ቪዲዮ፣ የምግብ አሠራር፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ ሁሉንም በየፈርጁ ለሚያስቀምጥ ሰው ይመቻል። ነፃው ላይ የሊንክ ቁጥር ገደብ የለም፤ ሲወጣም ሲኤስቪና ኤችቲኤምኤል (ብራውዘር የሚከፍተው ፋይል) ይሰጣል። የገጹን ቋሚ ቅጂ ማስቀረትና በጽሑፉ ውስጥ መፈለግ ግን በዓመት ወደ 28 ዶላር ያስከፍላል። ዋጋው ተገቢ ነው። አገር ቤት ላለን ሰዎች ፈተናው ከገንዘቡ በላይ በውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ማግኘቱ ነው።

ዋላባግ ደግሞ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ማንበቢያ ነው። በራስ ሰርቨር (ሁልጊዜ ኢንተርኔት ላይ ባለ ኮምፒውተር) ላይ ይጫናል፣ ወይም በትንሽ ዓመታዊ ክፍያ ሌላ ሰው ያስተናግደዋል። ጽሑፉን ራሱን ያስቀራል፤ ሲወጣም በኢፐብ (በኢ-መጽሐፍ ፋይል)፣ በፒዲኤፍ፣ በጄሰን (ሌላ ፕሮግራም በሚያነበው ፋይል) ይወጣል። እንደ ፖኬት አንድ ቀን ተነስቶ የሚዘጋብን ድርጅት የለበትም። ግን ሰርቨር ሲበላሽ የሚጠገነው በባለቤቱ ነው፤ ይህ የማያስደስተው ሰው ባይሞክረው ይሻለዋል።